ቧንቧው የሚያልፍበት ምድር ቤት

ሚኒሶታ፣ ሴንት ፖል መሐል ከተማ ያሉ ብዙ ትልልቅ ሕንፃዎች የራሳቸው የማሞቂያ ቦይለር የላቸውም። ከአንድ ማሞቂያ ጣቢያ የሚወጣ ትኩስ ውሃ በተቀበረ ቧንቧ እየሄደ በየሕንፃው ምድር ቤት ይገባል፤ ሙቀቱን እዚያ ይተውና በሌላ ቧንቧ ተመልሶ ይሄዳል። በፈረንጆቹ ዘጠናዎቹ ዓመታት የእኔ ሥራ ይህን ቧንቧ ወዳልደረሰበት ሰፈር ማድረስ ነበር። ንድፉን እሠራለሁ፣ ከሕንፃ ባለቤቶች ጋር እደራደራለሁ፣ ኮንትራክተሩን እቆጣጠራለሁ፤ መንገድ ተቆፍሮ መኪና ሲቆም የሚሰደበውም ሰው እኔው ነኝ። ሄልሜት አድርጌ ስቆም ባንዲራ እያውለበለብኩ መኪና የማሳልፍ የሚመስላቸው ብዙ ነበሩ። አንዳንዴ ላለመከራከር ብዬ መኪናውን አሳልፍላቸው ነበር።

ስለ ጠባዬ ቀድሜ ልናገር፣ ኋላ ሰው እንዳይገረም። እልኸኛ ነኝ። እምቢ ያለኝን ሰው ዓይኔን በጨው አጥቤ ደግሜ እጠይቀዋለሁ። ለዚህ ሥራ ከሂሳብ ይልቅ የጠቀመኝ ይኸው ጠባይ ነው።

አንድ ዓመት የተሰጠኝ መስመር ከመሐል ከተማው ተነስቶ ዳገቱን ወጥቶ አንድ የአዛውንቶች መኖሪያ ሕንፃ የሚደርስ ነበር። የሕንፃው ቦይለር አንድ ሐሙስ ቀርቶታል። የከተማው ተቆጣጣሪ አይቶት፣ ሌላ የበረዶ ወራት እንዳይነድ ብሎ ከልክሏል። አዲስ ለመግዛት ደግሞ አቅም አልነበረም። እንግዲህ ቧንቧው መሬቱ በብርድ ሳይጠጥር ከደረሰ ሕንፃው ይተርፋል፤ ካልደረሰ ነዋሪዎቹ ክፍት ቤት በተገኘበት የዳር ከተማ ሁሉ ይበተናሉ፤ አንዱ ኩን ራፒድስ፣ አንዱ ክሪስታል፣ አንዱ እግዜር ወዳለው።

ለመለካት በሄድኩበት ቀን እታችኛው አዳራሽ ውስጥ በአማርኛ ሰላም ያሉኝ አንዲት ኤርትራዊት እናት ነበሩ። እስላም ናቸው፤ ነጠላቸውን ከሹራባቸው በላይ ጣል አድርገው ሊፍት ይጠብቃሉ። አማርኛውን አስመራ ትምህርት ቤት የተማሩት ነውና ከእኔ አሳምረው ይናገሩታል። ሜትሬን ተከትለው በየጥጉ አብረውኝ ዞሩ፤ መጨረሻ ላይ ዝም ማለት አቃታቸው።

«ወደ ኩን ራፒድስ ሙቭ ያደርጉሻል አሉኝ» አሉ። «እዚያ ባስ የለም፣ የማውቀው ሰው የለም። ከአስመራ ተነቀልኩ፣ ከካርቱም ተነቀልኩ። ጓለይ፣ እኔ ስንት ጊዜ ልነቀል?» ጓለይ ሲሉ በትግርኛ ልጄ ማለታቸው ነው።

«አይነቀሉም እማማ፤ ቧንቧው ይደርሳል» አልኳቸው።

መሐንዲስ እንዲህ ዓይነት ቃል አይሰጥም። የቁፋሮ ፐርሚት አለ፣ ዝናብ አለ፣ አለት አለ። አፌ ቀደመኝ፤ ከቀደመኝ በኋላ ግን የሚያስመልሰኝ ነገር እንደሌለ እዚያው ሊፍቱ በር ላይ አውቄዋለሁ።

ችግሩ ከአዛውንቶቹ ሕንፃ ዝቅ ብሎ ያለ አንድ የጡብ አፓርታማ ነበር። መንገዱ ሥር ጋዝ፣ ስልክና ፍሳሽ ተጠላልፎ ለእኛ ቧንቧ የሚሆን ስንዝር አልተረፈም። በሥራችን እንዲህ ሲሆን ቧንቧው ከአንዱ ሕንፃ ምድር ቤት ወደ ሌላው ምድር ቤት ይሻገራል፤ ባለቤቱ ከፈቀደ። የዚህ አፓርታማ ባለቤት አያቶቹ ከስዊድን የመጡ ሽማግሌ ናቸው። በዕድሜ አንቱ የሚባሉ ናቸው፤ በእንግሊዝኛ አንቱ ስለሌለ አንተ እንዳልኩት ቀረ። ሁለት ጊዜ ራሴ ሄጄ አነጋገርኩት። ሁለት ጊዜም ፈገግ ብሎ «ለየት ያለ ሐሳብ ነው» አለኝ። ሚኒሶታ የኖረ ሰው ያውቀዋል፤ ለየት ያለ ነው ካሉህ አልወደዱትም ማለት ነው። ሦስተኛ ጊዜ ስደውል ስልኩን አላነሳም።

ይህንን ለእናትየው አዳራሹ ውስጥ ቆሜ ስነግራቸው ትንሽ አሰቡና «ሽማግሌ ላኪበት» አሉኝ።

ሳቅሁ። «እማማ፣ ሰውየው እኮ ስዊድናዊ ነው።»

«ስዊድን ሽማግሌ የለም?»

ማታውን ለማውቃቸው ሰዎች ስልክ ደወልኩ፤ ነገሩ ከሳቅ ወደ ሥራ ተለወጠ። ሁለት ሽማግሌዎች ተገኙ። አንዱ እዚያው ሕንፃ የሚኖሩ ኤርትራዊ ክርስቲያን ናቸው፤ ጡረታ ወጥተዋል፣ ቁጥብ፣ ሲናገሩም ሲቀልዱም ፊታቸው የማይለወጥ። ሁለተኛው በአንድ የአማርኛ ወንጌላዊት ቤተ ክርስቲያን ሽማግሌ የሆኑ የአዲስ አበባ ሰው ናቸው፤ ሚኒያፖሊስ ሆስፒታል ይሠራሉ፣ እንግሊዝኛቸው ፈጣን ነው፣ ወሬያቸውም እንደዚያው። ለአለቃዬ አልነገርኩትም። ምን ብዬ እነግረዋለሁ?

ሁለቱም ሙሉ ልብስ ለብሰው፣ ከረባት አስረው መጡ። ላኪው አብሮ አይገባምና እኔ መኪና ውስጥ ቀረሁ። የሆነውን የሰማሁት ከእነሱ ነው።

ሰውየው በሩን ከፍቶ ሁለት ከረባት ያሰሩ ጥቁር ሽማግሌዎች ሲያይ «ልትሰብኩኝ ከሆነ ቤተ ክርስቲያን አለኝ» አላቸው። የቤተ ክርስቲያኑ ሽማግሌ «እኛም አለን፤ ለሌላ ጉዳይ ነው» ብለው ገቡ። ሰውየው ወንበር ሳበላቸው። አልተቀመጡም። «ጉዳያችንን እሺ ሳትለን አንቀመጥም፤ አገራችን ልማዱ ይህ ነው» አሉት። እንግዳን አቁሞ መቀመጥ ለሚኒሶታ ሰው ሞት ነው፤ እሱም ቆመ። ብስኩት አቀረበ፤ አልነኩትም። ሦስት ሽማግሌዎች ከወጥ ቤቱ ጠረጴዛ ዙሪያ ቆመው ስለ አዛውንቶቹ ሕንፃ፣ ስለ ብርዱ፣ ሊበተኑ ስለሆኑት ሰዎች አወሩ። በመጨረሻ «አስብበታለሁ» ብሎ ሸኛቸው።

«አስብበታለሁ አለ» አሉኝ የቤተ ክርስቲያኑ ሽማግሌ መኪናው ውስጥ ገብተው፣ ደስ ብሏቸው።

ግንባሬን መሪው ላይ ደፋሁ። «ጋሼ፣ እዚህ አገር አስባለሁ ማለት እምቢ ማለት ነው።»

ኤርትራዊው ሽማግሌ ከኋላ ወንበር «በእኛስ የመጀመሪያውን ቀን እሺ የሚል ማን አለ?» አሉ። «ልጅህን ዳርልን ብንለው ዛሬውኑ ይሰጠን ነበር? ሰልሶ መሄድ ነው። ደግሞ በመስኮት እያየን ነው፤ ቀና በይ።»

ቀና አልኩ። እውነትም መጋረጃውን ገለጥ አድርጎ ያያል።

በሁለተኛው ጉብኝት ሰውየው ሆዱን ከፈተ። የጠላው ቧንቧውን አልነበረም። አባቱ ያስገባው ቦይለር ምድር ቤቱ ውስጥ አለ፤ ጠዋት ጠዋት ወርዶ ያየዋል፣ ያጸዳዋል፣ ድምፁን ያዳምጣል። ዛሬ ቧንቧ ካስገባሁ ነገ ቦይለርህን አውጣ ትሉኛላችሁ ብሎ ነው የፈራው። ሽማግሌዎቹ «ማንም አይነካውም፤ እኛ ዋስ እንሆናለን» አሉት። ዋስ ምን እንደሆነ ጠየቀ። የቤተ ክርስቲያኑ ሽማግሌ «እሷ ቃሏን ካፈረሰች እኛን ትይዘናለህ» ብለው አስረዱት። ሰውየው አያቸው፤ የኤርትራዊው ጉልበት ቆሞ ቆሞ ይንቀጠቀጣል። «በቃ እሺ፤ አሁን ተቀመጡልኝ» አለ። ተቀመጡ፤ ብስኩቱን ጨረሱት። እኔ መኪና ውስጥ ምሳዬን ሳልበላ ስጠብቃቸው ነበር፤ አንድ ፍሬ ይዞልኝ የወጣ የለም።

በማግስቱ ፈረመ። ምድር ቤቱን እናልፋለን፣ ቦይለሩ ይቀመጣል፤ ቤቱ ላይ ጉዳት ከደረሰ ደግሞ ሥራውን የማስቆም መብት አለው። አለቃዬ ፊርማውን አገላብጦ አየና «ምን አድርገሽው ነው?» አለኝ።

«ዘመዶቼ ሄደው አነጋገሩልኝ።»

«ዘመዶችሽ ናቸው?»

«ከትናንት ወዲህ።»

ከዚያ በኋላ መቆፈር ነው። ዳገቱን ተያያዝነው። ብየዳ፣ ፍተሻ፣ መገጣጠሚያውን ማሸግ፣ አሸዋ ማልበስ፣ አስፋልት መመለስ፤ ደግሞ ወደሚቀጥለው። ዝናብ ሲመጣ ጉድጓዱ ላይ ሸራ ወጥረን ሥሩ እንበይዳለን። ኮንትራክተሩ «ቀኑ አጭር ሆነ፣ ሰዎቼ ደከሙ» ሲለኝ «ቀኑን ማስረዘም አልችልም፤ ሰዎችህን ግን ሳንድዊች አበላልሃለሁ» እለዋለሁ። እናትየው በጉድጓዱ አጠገብ ወደ ባስ ማቆሚያ ሲያልፉ ቆም ብለው ያያሉ። «ደረሰ?» አይሉም። «አውቃለሁ፣ ይደርሳል። አይዞሽ ጓለይ» ብለውኝ ይሄዳሉ። እሳቸው ያንን ባሉኝ ቀን ሠራተኛው ሁሉ ከእኔ ይሸሽ ነበር፤ እሳት እሆናለሁና።

ዛፉ ሁሉ ቅጠሉን ጨርሶ ሳለ ሰውየው አፓርታማ ደረስን። በእንቅርት ላይ ጆሮ ደግፍ እንዲሉ፣ ነገሩ ሁሉ ሳያንስ ግድግዳው ጉድ ሠራን። የምድር ቤቱ ግድግዳ የድሮ ድንጋይ ነው። ቧንቧው የሚገባበትን ቀዳዳ ስንበሳ የግድግዳው ልብ አሸዋ ሆኖ ተገኘና ድንጋዮቹ ተደረመሱ። ሰው አልተጎዳም። ቦይለሩንም ለጥቂት ሳቱት፤ ግን ወደ ቦይለሩ የሚገባውን የውሃ መስመር አጣመሙት። ቤቱ ቀዘቀዘ። ሰውየው ወረደ፣ አየ። ሠራተኞቹን በእጁ ምልክት አስወጣና በሩን ዘጋ።

ከሰዓት በኋላ ቢሮ ውስጥ የኩባንያችን ኢንሹራንስ ጠበቃ ተቀምጦ ጠበቀኝ። ማንም ወደ ሰውየው እንዳይሄድ አለ። በተለይ ይቅርታ የሚል ቃል ከማንም አፍ እንዳይወጣ፤ ይቅርታ ማለት ጥፋትን ማመን ነው። ባለሙያ ያየዋል፣ ደብዳቤ ይጻጻፋሉ፣ ከዚያ ይስማማሉ።

«እስከ መቼ?» አልኩ።

«ጸደይ ላይ ያልቃል።»

ጸደይ። በጸደይ እናትየው ኩን ራፒድስ በሰው አገር በመስኮት መኪና ይቆጥራሉ። አለቃዬን አየሁት። ደግ ሰው ነው፤ ጠረጴዛውን ያያል። ኮቴን አንስቼ ወጣሁ።

የደወልኩት ለሽማግሌዎቹ ነው። ያስታርቁኝ ብዬ አልነበረም፤ ዋስ ሆነው አሳፍሬያቸው ነበርና ከሌላ ሰው ከሚሰሙት ከእኔ ይስሙት ብዬ ነው። የቤተ ክርስቲያኑ ሽማግሌ ሰምተው ተነፈሱ፤ እጸልያለሁ አሉ። ኤርትራዊው ሽማግሌ በዚያው በማይለወጥ ድምፅ «በአገራችን ቢሆን ድንጋይ ትሸከሚ ነበር» አሉኝ።

የቀለዱ ይመስለኛል። በደለኛ ድንጋይ አንገቱ ላይ አድርጎ በተበደለው ሰው ፊት ጎንበስ ብሎ መቆሙን የማያውቅ የለም። እኔ ግን ቀልዱን ይዤ አደርኩ። ሞኝና ወረቀት የያዘውን አይለቅም ይባላል፤ ጠበቃው ወረቀቱን ይያዝ። እሱ የከለከለው ይቅርታ የሚል ቃል ከአፍ እንዳይወጣ ነው፤ ስለ ድንጋይ ያለው ነገር የለም።

ጠዋት ሦስታችንም ሄድን። ሰውየው ለእኔ ብቻ ቢሆን አይከፍትም ነበር፤ ሽማግሌዎቹን ግን በዚያ ብርድ ደጅ ላይ ሊያቆማቸው አልቻለም። ጉዳዩን ምድር ቤት እናሳይህ አሉት። ወረድን። ድንጋዩ እንደወደቀ ነው፤ ቦይለሩ ጭጭ ብሏል፤ ሰውየው ፊቱ ገርጥቷል፣ ኮፍያውን አላወለቀም። የትናንቱ ቁጣ ሳይሆን ሐዘን ነበር ፊቱ ላይ፤ እሱ ደግሞ ይብሳል።

እኔ ጎንበስ አልኩና ከወደቁት ድንጋዮች አንዱን አነሳሁ። ዓይኔ የገመተውና ክንዴ ያገኘው አልተገናኙም፤ ከባድ ነበር። እንደምንም ትከሻዬ ላይ፣ ከዚያ ማጅራቴ ላይ አወጣሁት። አቧራው በአንገቴ በኩል ወደ ጀርባዬ ወረደ። አጎነበስኩና በሰውየው ፊት ቆምኩ። ስጀምረው ጠበቃውን ያታለልኩ መስሎኝ ነበር፤ እዚያ ስቆም ግን ማታለሉ ሁሉ ጠፋ። የአባቱን ግድግዳ አፍርሻለሁ፣ ቤቱን አቀዝቅዣለሁ፤ አፈርኩ፤ እንባዬ መጣ።

«ምን እየሆነች ነው?» አለ ሰውየው።

የቤተ ክርስቲያኑ ሽማግሌ ጉሮሯቸውን ጠርገው ስለ ልማዱ ማስረዳት ጀመሩ። ሰውየው እሳቸውን አልሰማም። እኔን ያያል። ጉልበቴ ሲብረከረክ አየና «ወገብሽን ልትሰብሪ ነው!» ብሎ ዘልሎ መጣ፤ ድንጋዩን በሁለት እጁ ከአንገቴ ላይ አነሳው።

«ተፈጸመ!» አሉ ኤርትራዊው ሽማግሌ።

«ጌታ ይመስገን!» አሉ ሌላው፤ አጨበጨቡ።

ሰውየው ድንጋዩን ታቅፎ ግራ ገብቶት አንዴ እነሱን፣ አንዴ እኔን ያያል። የተበደለው ሰው ድንጋዩን በገዛ እጁ ካወረደ ይቅር ማለቱ እንደሆነ፣ ከዚያ ወዲያ ቂም እንደማይያዝ አስረዱት።

«እኔ እኮ ያነሳሁት ወገቧ አሳስቦኝ ነው!»

«ይቅርታ ሌላ ምን መሰለህ?» አሉት ኤርትራዊው ሽማግሌ።

ሰውየው ድንጋዩን ወደ ደረቱ ከፍ አድርጎ ያዘው፤ ለእሱም መክበድ ጀምሮ ነበር። «የት ላድርገው?» አለኝ በመጨረሻ። ከግድግዳው ሥር አሳየሁት። አስቀመጠ። ከዚያ ኮፍያውን አውልቆ ቦይለሩ ላይ ሰቀለና «መጀመሪያ የእኔ ተከራዮች ይሞቃሉ፤ ከዚያ የእናንተ ቧንቧ» አለ።

የውሃ መስመሩን የዚያን ዕለት ቀየርንለት። ድንጋይ የሚያውቅ ግንበኛ አምጥቼ ግድግዳውን እንደነበረው አስገነባሁት፤ ሰውየው አጠገቡ ቆሞ የትኛው ድንጋይ የት እንደነበር ይመራዋል። ጠበቃው ሰምቶ ደወለ።

«ይቅርታ ብለሽዋል?»

«አንድም ቃል አልወጣኝም» አልኩት።

የመጨረሻውን ቁራጭ የቀበርነው መሬቱ ላዩ በብርድ ደርቆ ቆርቆሮ ሆኖ፣ በእሳት እያሞቅን ቆፍረን ነው። የጓንቴ ጣቶች ቀጥ ብለው ይደርቁ ነበር። ከዚያ በአንድ ጥርት ያለ፣ ፀሐዩ ብቻ የሚያታልል ጠዋት በአዛውንቶቹ ሕንፃ ምድር ቤት ቆሜ ቫልቩን ቀስ እያልኩ ከፈትኩት። ቧንቧው ተንገጫገጨ፣ አየሩን ተፋ፣ ከዚያ ዝም ብሎ መፍሰስ ጀመረ። እጄን አኖርኩበት፤ ለብ አለ፣ ሞቀ፣ ፈጀኝ። ኮንትራክተሩ እንደ ልጅ አቀፈኝ።

በየክፍሉ ያሉት የማሞቂያ ራዲየተሮች ሁሉ መሞቃቸውን ለማየት ፎቅ በፎቅ ወጣሁ። እናትየው ያሉት ላይኛው ፎቅ ነው። እስከዚያ ቀን ቤታቸው ገብቼ አላውቅም፤ የምንገናኘው አዳራሹ ውስጥና ጉድጓዱ አጠገብ ነበር። አንኳኳሁ፤ ግቢ አሉኝ።

ቤቱ ባዶ ነበር። ግድግዳው ራቁቱን፣ መስኮቱ ያለ መጋረጃ። ዕቃው ሁሉ በካርቶን ታሽጎ፣ በፕላስተር ተለጥፎ በበሩ አጠገብ እስከ ደረቴ ተደርድሯል። እሳቸው በቀረችው አንድ ወንበር ላይ ኮታቸውን እስከ ላይ ቆልፈው፣ ቦርሳቸውን ጭናቸው ላይ አድርገው ተቀምጠዋል።

«መቼ አሸጉት?» አልኳቸው።

«ቆየ» አሉ። «ሰው መነቀሉ ካልቀረለት ዕቃውን ራሱ ቢያስር ይሻላል ብዬ ነው።»

ያን ሁሉ ጊዜ «አውቃለሁ፣ ይደርሳል» ሲሉኝ እቤታቸው ካርቶን ሲያሽጉ ነበር። አላመኑኝም ነበር። እኔን ግን አበርትተውኛል። መናደድ ይሁን ማልቀስ ያማረኝ አላውቅም።

ራዲየተሩ ጠቅ፣ ጠቅ ማለት ጀመረ። ቀና ብለው አዩት። ተነሡና ሄደው መዳፋቸውን አሳረፉበት። ብዙ ቆዩ። ፊታቸው ወደ መስኮቱ ስለነበር አላየሁትም። ዞር ሲሉ አላመሰገኑኝም፤ «ጓለይ፣ ያቺን ቢላ አቀብይኝ» አሉኝ።

የመጀመሪያውን ካርቶን ቀደዱ። መጋረጃ ነበር። ወንበሩ ላይ ወጥቼ ሰቀልኩት፤ «ወደ ግራ፣ ትንሽ፣ በቃ» ይሉኛል ከታች። ከዚያ ብርድ ልብስ፣ ከዚያ ድስቶች፣ በጋዜጣ የተጠቀለሉ ብርጭቆዎች። የጥሪ መቀበያ ፔጀሬ ወገቤ ላይ ደጋግሞ ጮኸ፤ ቢሮ ነው፣ አለቃዬ ነው፤ አጠፋሁት። ቤቱ ሙቀቱ እየጨመረ ሄዶ እኔ ሹራቤን ሁሉ አውልቄ በሸሚዝ ቀረሁ። እሳቸው ግን ግንባራቸው እያላበ ኮታቸውን እንደቆለፉ ዕቃ ይደረድሩ ነበር። የመጨረሻው ካርቶን ባዶ ሆኖ፣ ተጣጥፎ፣ ከበሩ ውጭ ካስቀመጥኩት በኋላ ነው ቁልፎቹን አንድ በአንድ ፈትተው ኮታቸውን ያወለቁት።